የቀኙ በር

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሞላ ቤት ተቀምጠን የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ሳለ ልጁ ሔለን ስልኳን ይዛ መጥታ መካከላችን ተቀመጠች።

"ጋሼ አዳነ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" አለችኝ።

ስልኩ ላይ አንዲት አረንጓዴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ቆማለች። አፍንጫዋ ረጅም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ።

"አባዬ በወጣትነቱ እንዲህ ያለችውን ነድቷል የሚሉት እውነት ነው?"

ሞላ አንገቱን ደፍቶ መፈልፈሉን ቀጠለ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ ስኳርና ደም ግፊት ተሸክሜ፣ ያ የድሮው ቅናት ከተኛበት ተነስቶ ደረቴን ቆነጠጠኝ። ሞቷል ብዬ ነበር።

ነገሩ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል ሾፌር ነበርኩ፤ እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያው አመጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ሞላ አስጎብኚ ነበር፤ ፈረንጆቹን ይዞ ይምርሐነ ክርስቶስም ገነተ ማርያምም ይወጣል ይወርዳል። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር፣ አንድ ጃኬት በተራ የምንለብስ ጓደኛሞች ነበርን። ልዩነታችን እኔ መኪና ስወድ እሱ ሰው መውደዱ ነው። ሞላ ፍሬንና ፍሪሲዮን እንኳ ለይቶ አያውቅም።

እኔ ደግሞ አንድ እንግዳ ክፍሉ ውስጥ ጥሎት የሄደው የመኪና መጽሔት ነበረኝ። ውስጡ ያለችውን የእንግሊዝ መኪና እንደ ዳዊት ደግሜያታለሁ። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ ምላሴ ላይ እየጣፈጠኝ ነገሬን ያስረሳኛል። አሥራ ሁለት ሲሊንደር ነበራት። ከቆመችበት ተነስታ መቶ ለመግባት ስድስት ሰከንድ አይፈጅባትም። ዳሽቦርዷ የተወለወለ እንጨት፣ ወንበሯ በእጅ የተሰፋ ቆዳ። ኮፈኗ የረዘመው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሞተር የሚተኛበት ስፍራ ስለሚፈልግ ነው። ዝቅ ማለቷም መታጠፊያ ላይ መሬቱን እንዳትለቅ ነው። ይህን ሁሉ ለሞላ ስተነትንለት ቆይቼ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ስንት ሰው ትጭናለች?"

"ሁለት።"

"ታዲያ ምኗ መኪና ነው? በቅሎም ሁለት ትጭናለች" ብሎ ይስቃል።

አንድ መስከረም ላይ ያቺው መኪና ላሊበላ መጣች። መጣች ስል ተጭና ነው። ባለቤቷ ከሚስቱ ጋር አፍሪካን ሊያቋርጥ የተነሳ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበር። ከጋሸና ወዲህ ያለው መንገድ በዚያ ዘመን ኮረኮንች ነው፤ በዚያ ላይ ክረምቱ ቦርቡሮታል። የመኪናዋ ሆድ እንደማይችለው ቢነግሩት በጭነት መኪና አስጭኖ አመጣት። ሆቴላችን ግቢ ስትደርስ እንዴት እንደምትወርድ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ሳንቃ ፈልጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ፣ ሆዷ እንዳይፋቅ በስንዝሬ እየለካሁ፣ በገመድ እያስያዝኩ ያወረድኳት እኔ ነኝ። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አደረገና በማግስቱ ጠዋት እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሊያንሸራሽረኝ ቃል ገባልኝ። በአካባቢው አስፋልት የነበረው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጃኬቱን የመልበስ ተራው የሞላ ነበር። አውልቆ ሰጠኝ። "ለፎቶ ያምርብሃል" አለኝ። ፎቶውን የምታነሳው መሠረት እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። መሠረት ከሆቴሉ በር ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እኔም ያለ ጉዳዬ በሳምንት ሦስት ጊዜ ጉርድ ፎቶ እነሳ ነበር። ከግቢው ግንብ ውጭ ሕዝቡ መኪናዋ እስክትወጣ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ እሷም ካሜራዋን ይዛ ከፊት ቆማለች። ግቢው ውስጥ ያለነው ሽማግሌው፣ ሰገነት ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ፣ ሞላና እኔ ነን።

ሽማግሌው "ግባ" አለኝ።

ሮጥኩ። በአገራችን ሾፌር በግራ፣ እንግዳ በቀኝ ነው የሚቀመጠው። የእንግሊዝ መኪና መሪዋ በቀኝ መሆኑን በደንብ አውቃለሁ፤ እግሬ ግን መጽሔት አላነበበም። የቀኙን በር ከፍቼ ዘው ስል ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተጋጨ። ሽማግሌው ልነዳት የቃጣሁ መስሎት ደነገጠ፤ "ኖ፣ ኖ" እያለ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። ሚስቱ ከላይ ሆና ሳቀች።

ዞሬ በግራ መግባት እችል ነበር። ሦስት አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ነገር ግን ከእኔ በላይ መኪና የሚያውቅ የለም ሲል የኖረ ሰው በር ተሳስቶ ሲሳቅበት የሚሆነውን የደረሰበት ያውቀዋል። "ሥራ አለኝ" ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ሽማግሌው ግራ ገባውና በግራው በር አጠገብ የቆመውን ሞላን "እንግዲያው አንተ ና" አለው። ሞላ አየኝ። እኔ አላየሁትም። ገባ።

የሆቴሉ የውኃ ታንከር ማማ ላይ ወጥቼ ተመለከትኳቸው። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቁልቁለቱን ስትይዝ ግን ድምፁ ጠራ። ማርሹን በጆሮዬ ቆጠርኩ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። መታጠፊያው ላይ ፍሬን የምትይዝ መስሎኝ ነበር፤ ሳትይዝ ታጥፋ ከማሽላው ማሳ ጀርባ ተሰወረች። ልክ መጽሔቱ እንዳለው። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት የተቃጠልኩበት ቀን የለም።

የከተማው ሰው ያየው ሌላ ነው። ሞላ በግራ ተቀምጧል፤ በግራ የሚቀመጥ ደግሞ ሾፌር ነው። መሠረት ፎቶውን ያነሳችው በእሱ በኩል ስለነበር ሽማግሌውን ጋርዶታል። ፎቶው አድጎ የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞላ "ሾፌሩ" ተባለ። "ኧረ እኔ አልነዳሁም" ቢል፣ "አይ ትሕትና" አሉት።

"ስንት ገባ?" ብዬ ጠየቅኩት፣ ተናድጄም ቢሆን ማወቅ ፈልጌ።

"እኔ እንጃ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። እኔ ብሆን ዓይኔን እንኳ የማላርገበግብበትን መንገድ ጨፍኖ ሄዶ ጨፍኖ መጣ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ መሠረት ዘንድ ሄድኩ።

"ሞላ አልነዳም። መሪዋ በቀኝ ነው" አልኳት።

መስተዋቱን እየወለወለች ነበር። "አውቃለሁ፤ ያንኑ ዕለት ነግሮኛል" አለች።

"ሌላስ ምን አለሽ?"

"ፈረንጁ ዕጣ አወጣ፣ ለአዳነ ይገባው ነበር፣ እኔ ላይ ወደቀ ነው ያለኝ። ምነዋ፣ ሌላ ነገር አለ እንዴ?"

እውነቱን መናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። "የለም" ብዬ ወጣሁ። ከዓመት በኋላ ተጋቡ። የሙሽሮቹን መኪና የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ ከኋላ ይሳሳቃሉ፣ እኔ በመስታወቱ አያለሁ። በኋላ እኔም አግብቼ ወልጃለሁ፤ ሚስቴንም እወዳታለሁ። ሆኖም ያን ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ባየሁ ቁጥር የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል።

ሔለን መልስ ትጠብቃለች።

"አልነዳሁም፣ ልጄ" አለ ሞላ። "አጠገቡ ነው የተቀመጥኩት።"

"ጋሼ አዳነ እያሉ? መኪና የሚያውቁት እሳቸው አይደሉ?"

"ፈረንጁ ዕጣ አወጣ፤ እኔ ላይ ወደቀ።"

ያው ዕጣ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተቀየረበትም። መሠረት እሸት ጨምራ ይዛልን ስትገባ ሰማችው።

"ዕጣ አልነበረም" አልኩ። "በር ተሳስቼ ነው። በቀኝ ገባሁ። ሲስቁብኝ ጊዜ አኮረፍኩና ተውኩት።"

ሔለን ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት። እኔም ሳቅሁ። መሠረት ግን አልሳቀችም፤ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች።

"ለእኔም ደበቅከኝ?"

ሞላ አንዲት ባቄላ ፈልፍሎ አፉ ውስጥ ጨመረ። "የእኔ ነገር አልነበረማ" አለ።

ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ገና እርጥብ ነበር። መኪናዋ ከውስጤ እንደወጣች ተሰማኝ፤ አንድ መንገድ፣ አንድ ጠዋት ነው፣ ይቅርበት። በዚያች በሞላ ንግግር ግን ከመኪናዋም ከመሠረትም ይልቅ ቀናሁበት። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ፣ የቀኙን በር ነገር በማግስቱ ለከተማው ሁሉ እናገር ነበር።