ወንድሙን የከሰሰው ነገረ ፈጅ

አለነ ሲሟገት ወፉ ሳይቀር ጸጥ ይላል ይሉ ነበር የሽንፋ ሰዎች። ማጋነን የእኛ ቆላ ሰው ሙያ ነው፤ አንደበቱ ግን እውነትም አንደበት ነበር። በጠላት ጊዜ ጫካ የገቡት አርበኞች የራሳቸውን ችሎት ሲያቆሙ፣ ከሳሽ ሆኖ የሚቆምላቸው ነገረ ፈጅ አድርገው የመረጡት እሱን ነው።

በ1932 ዓ.ም. በጋ ጣሊያን የአርበኞቹን ስውር የውኃ ጉድጓድ ድንገት ከቦ ሰው ፈጀ። መንገዱን ማን መራ ሲባል፣ የአለነ ታናሽ ወንድም አዛናው፣ የሻረግ የምትባለውን ያገራቸውን ልጅ ጠቆመ። “ያን ሰሞን መተማ፣ ጣሊያኖቹ ካምፕ በር ላይ ታይታለች” አለ። የባንዳ ፍርዱ ሞት ነው። አለነ ደግሞ የሻረግን ይወዳት ነበር፤ መውደዱንም ያላወቀ አልነበረም።

“ሌላ ሰው ይክሰሳት ወይ?” አሉት ዳኛው።

“የለም፤ እኔው እከሳለሁ” አለ። ሌላው ሳያጣራ እንዳያስገድላት ፈርቶ ነው።

ዋስ ጥሪ ተባለች። ለባንዳ ማን ዋስ ይሆናል? እንደ አገሩ ሕግ የእሱን ኩታ ጫፍ ከእሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠሩትና ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ወደ ችሎቱ መንገድ ጀመሩ። የሚወዷትን ሴት እንዲህ ታስሮ መንዳት፣ ጠላትም አይግጠመው!

ጫካው መሐል ሲደርሱ አለነ ቆመ። “ልፍታሽና ሂጂ። ሱዳን ቅርብ ነው” አላት።

“ከሸሸሁማ ባንዳ ሆኜ ቀረሁ። ክሰሰኝ፤ ግን ነገርን ከሥሩ ያዘው። መተማ የሄድኩት ለእናቴ የወባ ኪኒን ልገዛ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ወንድምህ በምን አወቀ? ኪኒኑን የሸጠችልኝ ሐሚዳ ሱቋ ከካምፑ በር ፊት ለፊት ነው፤ እሷን ጠይቃት።”

አለነ በማግስቱ ሰው ልኮ ሐሚዳን አስመጣት።

በችሎቱ ፊት ሐሚዳ፣ “ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ኪኒኗን ይዛ ሄደች። ያ ግን” አለች ወደ አዛናው እየጠቆመች፣ “ከጣሊያኑ መኮንን ጋር ቁጭ ብሎ፣ በእንጨት መሬቱ ላይ ወንዙንና ጉድጓዱን እየሳለ ሲያሳየው አይቻለሁ።”

አለነ ቋጠሮውን ፈታና ወደ አዛናው ዞረ። “የሻረግ መተማ መሄዷን ማን ነገረህ?”

“ወንድምህ አይደለሁም?” አለ አዛናው።

“በእናታችን ሆድ ወንድሜ ነህ፤ እዚህ ግን ተከሳሽ ነህ። ጌታዬ፣ ሞት ይገባዋል” አለ አለነ። ቃሉንም አልመለሰም።

አዛናው ተገደለ። እናታቸው ልቅሶ ላይ ለአለነ ጀርባዋን ሰጠችው፤ እስክትሞትም አላነጋገረችውም። ልቡ ቆስሎ ነው የኖረው፤ ግን አንድም ቀን ተሳሳትኩ አላለም።

ጣሊያን ለቆ በወጣ ዓመት አለነ ወደ የሻረግ ደጅ ሄደና፣ “ላግባሽ” አላት።

“መጀመሪያ መልስልኝ” አለችው። “እውነት በድዬ ቢሆን ኖሮስ?”

“እከስሽ ነበር።”

“እስከ ሞት?”

ዓይኑ እንባ ሞላ። “እስከ ሞት” አላት።

“እንግዲያው ሽማግሌ ላክ” አለችው።