እስከ ጥቅምት ሰባት መድረስ የነበረበት ሥራ

ወንድሜ ኮምፒውተሩን ቤት ያስገባ ቀን እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዳንቴል ማልበስ ነበር። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮው አለው፣ የስኳር ዕቃው እንኳ አለው። ይህ አዲስ እንግዳ ታዲያ ራቁቱን ሊቀመጥ ነው? ነጭ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ የሆነውን አውጥታ እስከ እግሩ አለበሰችው። ወንድሜ ሲያየው ሳቀ።

"እማ፣ ይታፈናል እኮ።"

"ከአቧራ ይሻለዋል።"

እሱ ሲገባ ያወልቀዋል፤ ሲወጣ እሷ ታለብሰዋለች። እንዲህ ሲጓተቱ ወራት አለፈ።

ከዳንቴሉ የጀመርኩት ሌላ መጀመሪያ ስላጣሁ ነው። ስለ ወንድሜ ስጽፍ ከመሞቱ መጀመር አልፈልግም።

ቤታችን ጎንደር አራዳ ነው። ከፊት የአባቴ የጨርቅ ሱቅ፣ ከኋላ እኛ የምንኖርበት ክፍል አለ። መሃሉ መጋረጃ ብቻ ነው። አባቴ ነጋዴ ነው፤ አባቱም ነጋዴ ነበር። ዕቃ በገባ ቁጥር በጥቅሉ ላይ ሦስት ቀን ይጽፋል። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የሂጅራ። የእኛው ለደንበኛ፣ የፈረንጁ ከውጭ ለሚመጣው ወረቀት፣ የሂጅራው ለዘካው። ወንድሜ ይቀልድበት ነበር። "አባ፣ ይሄ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ተወለደ?" ይለዋል። አባቴ ቀና ሳይል "አንተም አንዴ በደንብ በተወለድክ" ይለዋል።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ሥራው ኮምፒውተር ጥገና ነበር። የቤቱን ኮምፒውተር ሌሎች ከጣሉት ዕቃ ገጣጥሞ ነው የሠራው፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን የኮምፒውተር ማስኬጃ ትቶ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነበት። ከዚያ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ጫነ።

ፕሮግራሙን እኔ እንደገባኝ ልናገር። የወባ መድኃኒት የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ። ሒሳቡ ከመብዛቱ የተነሣ አንድ ኮምፒውተር ዕድሜውን ሙሉ ቢያሰላ አይጨርሰውም። ስለዚህ ይቆራርሱትና በዓለም ላይ ላለ ፈቃደኛ ሁሉ ቁራሽ ቁራሹን በኢንተርኔት ያድላሉ። የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ባለቤቱ በማይጠቀምበት ሰዓት ድርሻውን ያሰላል። ሲጨርስ ውጤቱን ይልካል፣ ሌላ ይቀበላል። ለእያንዳንዱ ሥራ ቀን ተቆርጦለታል። በቀኑ ካልደረሰ ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ የደከምክበት ከንቱ ይቀራል።

አባቴ በመጀመሪያው ሰሞን "ይሄ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ለማን ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀ።

"ለማላውቃቸው ሰዎች" አለ ወንድሜ።

"ምን ይከፍሉሃል?"

"ምንም። ሰደቃ ነው አባ።"

አባቴ አሰበና "ሰደቃ ከሆነ እሺ" አለ።

ከሁሉ ቶሎ የገባው ግን አንድ ገበሬ ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጣ፣ ከእኛ ጋር ዘመድ የሆነ የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነው። እሱ አባቴን አያ ይለዋል፤ እኛ ደግሞ እሱን አያ እንለዋለን። አንድ ቀን ሱቁ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ከመጋረጃው ወዲያ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ ድምፅ ሰማ።

"ምንድን ነው እዚያ ውስጥ የሚያጉረመርመው?"

ወንድሜ አስገብቶ አሳየውና ነገሩን አስረዳው። ገበሬው በትኩረት ሲሰማ ቆየ።

"ወንፈል ነው ወይስ ደቦ?" አለ። "ወንፈል ከሆነ እነሱም ተራቸውን መጥተው ያርሱልሃል። ደቦ ከሆነ ጠላ ያጠጡሃል።"

"ደቦ ነው አያ። ጠላ ግን የለውም።"

"ጠላ የሌለው ደቦ!" ብሎ ጭኑን መታ። "እናንተ እስላሞች ጉዳችሁ አያልቅም።"

አባቴ ከሱቁ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የኮምፒውተሩ ስም ደቦ ሆነ። እናቴም "ደቦውን አጥፋና ራትህን ብላ" ትላለች።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንድሜ ለሥራ ወደ ሰሜን ሲሄድ የተሳፈረባት መኪና ተገለበጠች። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ኮምፒውተሩ ያን ቀን ጠፋ። ለቀስተኛ መጣ፣ ሄደ። እናቴ ዳንቴሉን አለበሰችው። የሚያወልቀው አልነበረም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ገበሬው ለልቅሶ መጣ። ዘግይቶ ነው የሰማው። ነፍስ ይማር አለ፣ ከአባቴ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረና "አያ፣ ምነው ደቦው ዝም አለ?" አለ።

 እኔ ተነሣሁና የወንድሜን ደብተር ፈለግሁ። በኮምፒውተሩ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ፣ ምክንያቱን በአማርኛ። መጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ "ረጅሙን ሥራ ተቀበልኩ። እስከ ጥቅምት ሰባት።"

ቀኑ መስከረም ሃያ ስምንት ነበር።

ደብተሩን ለእናቴ አነበብኩላት። ወዲያው አባቴን ጠራችው። "የልጄ ሰደቃ ነው" አለችው። "ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ሰደቃው ምን በወጣው?"

አባቴ እኔን አየ። "ትችለዋለህ?"

"አላውቅም።"

"ወንድምህም መጀመሪያ አያውቅም ነበር" አለና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ዳንቴሉን አውልቄ ማብሪያውን ስጫን ጮኸ። አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር። ሌላ የለም። ደብተሩን ገለበጥኩ፤ "ከጮኸ ሚሞሪውን በላጲስ" የሚል አገኘሁ። ክዳኑን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ፣ ሚሞሪውን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሶቹን በትምህርት ቤት ላጲሴ ፈተግኋቸው፣ መልሼ ሰካሁ። ተነሣ! እናቴ እልል ልትል እጇን ወደ አፏ አምጥታ፣ የሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ አላትና መለሰችው። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

ኮምፒውተሩ ግን ቀን ጠየቀኝ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ሞታ ኖሮ ዘመኑን ረስቶታል። ቀላል ነው ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አይቼ ሞላሁለት። ቀን ሃያ ስምንት፣ ወር አንድ፣ ዓመተ ምሕረቱንም። ሰዓቱን ከጠዋቱ ሦስት አልኩት። "ጃንዋሪ" ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ወር ስለሆነ ለመስከረም የሰጡት ስም ነው ብዬ አለፍኩ።

ፕሮግራሙ ተነሣ። የወንድሜ ሥራ ስልሳ አንድ ከመቶ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ስልሳ አንድ ነጥብ አንድ ሆነ። ማራገቢያው ማጉረምረም ጀመረ፤ አባቴ መጋረጃውን ገልጦ አየና ዘጋው። ወዲያው ግን ለደንበኛ ሲለካ የነበረውን ጨርቅ እንደገና ሲለካ ሰማሁት። ቁጥሩ ጠፍቶበት ነው።

የሚቀጥሉት ቀናት ደስ የሚሉ ነበሩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ የሚሉ ነበሩ። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ እኔ አስነሣዋለሁ። በተነሣ ቁጥር ያንኑ ቀን ይጠይቀኛል፣ እኔም ያንኑ መቁጠሪያ አይቼ እሞላለሁ። እናቴ በየሰዓቱ "ስንት ደረሰ?" ትላለች። እኔ "ሰባ" ስላት አባቴ ከሱቁ "ሰባ ሁለት ነው፤ አሁን አየሁት" ይላል። ሳናየው እየገባ ያያል ማለት ነው። ጥቅምት አራት ከቀትር በኋላ መቶ ሞላ።

ከዚያ መላክ ነበረበት። አልሄደም።

ኢንተርኔታችን በዶንግል፣ ሲም ካርድ በሚገባባት ትንሽ መሰኪያ ነው። ኔትወርኩ ነው ብዬ ዶንግሉን በረጅም ገመድ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። አልሄደም። እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ወደ ፋሲል ግቢ አቅጣጫ አዙራ ያዘችው።

"እዚህ ነው ወይስ ወደዚያ?"

"ትንሽ ወደ ግራ እማ።"

"እኔን አንቴና አደረግኸኝ!"

አልሄደም። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ የሚጽፈውን መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩ። "ማንነት ማረጋገጥ አልተቻለም" ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ያንን አረፍተ ነገር ሳየው ዋልኩ። በዚያ ማዶ ያሉት ሰዎች እኔ ወንድሜ አለመሆኔን ያወቁብኝ መሰለኝ። ሌላ ሰው ነው፣ እሱ አይደለም፣ አንቀበልም ያሉ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። በደብተሩ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ በየተራ ሞከርኩ። ፕሮግራሙን አጠፋሁ፣ አስነሣሁ፣ ዶንግሉን ነቅዬ ሰካሁ። ጥቅምት ስድስት ጠዋት እጄን ሰጠሁ።

"አባ፣ አልቻልኩም" አልኩት። "ነገ ነው ቀኑ።"

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከኋላዬ ቆመ። እንግሊዝኛ አያነብም፤ ቁጥር ግን ያነባል። ሥራው የሚደርስበት ቀን የተጻፈበትን ቦታ በጣቱ ነካ። ከዚያ ታች ጥግ ላይ ያለውን የኮምፒውተሩን ቀን ነካ። ተመልሶ የመጀመሪያውን ነካ።

"ይሄ በፈረንጅ ነው" አለ። "ይሄ ደግሞ በእኛ ነው።"

"ምኑ?"

"ዓመቱ ነዋ! አንዱን በፈረንጅ፣ አንዱን በሐበሻ። አንድ ወረቀት ላይ እንዲህ አድርጌ ብጽፍ ዕቃዬ ኬላ ላይ ይቀር ነበር። ማነው የሞላው?"

"እኔ ነኝ።"

"ከየት አይተህ?"

ግድግዳውን አሳየሁት። ራሱ የሰቀለው መቁጠሪያ ነው። ትልቁ ቁጥር የእኛ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ የፈረንጅ። አባቴ መቁጠሪያውን አየ፣ እኔን አየ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቀ ነበር።

"ልጄ፣ ይሄን ምስኪን ስምንት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ወደ ኋላ መልሰኸዋል! ገና ያልተጻፈ ሥራ ይዞ ሄዶ ማን ይቀበለዋል?"

እናቴ ሮጣ መጣች። "ምን ሆናችሁ?"

"ልጅሽ ደቦውን በሐበሻ ቀን አስተምሮት።"

በኋላ ሳነብ ነገሩ በእርግጥም እንዲሁ ነበር። ኮምፒውተሮች ምስጢር ከመለዋወጣቸው በፊት አንዱ የሌላውን መታወቂያ ያያል፤ መታወቂያውም የሚጸናበት ቀን አለው። የእኛው ኮምፒውተር ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር የእነሱ መታወቂያ ገና ያልወጣ መሰለው። ማንነት ማረጋገጥ ያልቻለው እሱ እንጂ እነሱ አልነበሩም። እኔን ያወቀብኝም፣ የከለከለኝም አልነበረም።

አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱ በቃሉ እየቀየረ ነገረኝ፣ እኔ ሞላሁ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን። "ሰዓቱንም" አለ። "የእኛ አራት የእነሱ አሥር ነው።" ሰዓቱንም ሞላሁ። ፕሮግራሙን መልሼ አስነሣሁት። ሁለታችንም ተጎንብሰን ጠበቅን፤ እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ወንበሩ ላይ ወጥታ ዶንግሉን ይዛለች።

ሄደ።

ቀጭኗ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሞላች፣ ሥራው ከዝርዝሩ ጠፋ። ደንግጬ የተመራማሪዎቹን የኢንተርኔት ገጽ ከፈትኩ። የወንድሜ ስም አለ። ከስሙ ትይዩ ሥራው ተቀባይነት አግኝቷል ይላል።

"ውረጂ እማ" አልኳት። "ደርሷል።"

ይህን ጊዜ ያቺን እልልታ አልመለሰቻትም። ሱቅ የነበሩ ሁለት ደንበኞች መጋረጃውን ገልጠው አዩን።

አባቴ የወንድሜን ደብተር ሳበ። በመጨረሻው መስመር ሥር፣ በዚያ ጨርቅ ላይ በሚጽፍበት ወፍራም እስክሪብቶ፣ "ገብቷል" ብሎ ጻፈና ከጎኑ ቀኑን ሦስት ጊዜ አኖረ። የእኛውን፣ የፈረንጁን፣ የሂጅራውን።

"አሁን ይጥፋ?" አልኩት።

"ሌላ ሥራ አላመጣም?"

አየሁ። ሁለት አምጥቷል።

"ታዲያ ምን ያጠፋዋል?"

እናቴ ዳንቴሉን በዚያው ሳምንት ፈታችው። በዚያው ክር አዲስ ሠራች፤ አጭር፣ ቀዳዳው ሰፋፊ፣ ከላይ ብቻ የሚቀመጥ። "እንዳይታፈን" አለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገበሬው መጣ። ገና ሳይቀመጥ ጆሮውን ወደ መጋረጃው ሰጠ፤ የማራገቢያው ድምፅ ይሰማል።

"አያ፣ የልጅህ ደቦ ምን ሆነ?"

እኔ ልመልስ ስል አባቴ ቀደመኝ። ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ክንዱን ከዘረጋበት አላጠፈም።

"ደረሰ" አለ። "አንድ ቀን ሲቀረው ደረሰ።"

"ሸጋ!" አለ ገበሬው። ተቀመጠና ሻይ ጠየቀ።