እህላችንን ያልቀመሱ ቆጣሪዎች

ዛሬ ጧት ሦስት ሰዎች ቦርሳና ወረቀት ይዘው ደጄ ቆሙ። ረጅሙ፣ እንደምን አደሩ እንኳ ሳይል፣ «እናታችን፣ ዘንድሮ ከዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ?» አለኝ። ልጄ አበባ ጓዳ ውስጥ በትኩሳት ትቃጠላለች፤ እሱ ሞት ይጠይቀኛል። እንዲህ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። ገና ልጃገረድ ሳለሁም መጥቶ ነበር።

ያን ጊዜ የምንኖረው ከሰቆጣ ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። የገብስ እሸት የሚጠበስበት፣ ቀፎው ማር የሚይዝበት ወር ነው። ምን ያደርጋል፣ ኩፍኝም አብሮ ገባ። ሰው ስሙን ጠርቶ መቀስቀስ ስለሚፈራ «ያ ነገር» ይለዋል። የወተት ጥርሱ ያልወለቀው ወንድሜ ካሳ ተያዘ። እናቴ ከጎታው ኋላ አስተኝታ ጋቢ ጋረደችበት።

ሰዎቹ በበቅሎ መጡ። ከአዲስ አበባ ነን፣ ሰው በምን በምን እንደሚሞት እናጠናለን አሉ። በበሽታ ነው? በገደል ነው? በጥይት ነው? ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ አገር በበቅሎ መቀጥቀጥ! የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር ዞር ብለው ቢያዩ ይበቃቸው ነበር።

እናቴ ትኩስ እሸትና ጠላ አቀረበች። ዋንጫውን አዩት፣ እርስ በርስ ተያዩ። ባለመነጽሩ፣ «ሆዳችንን ያመናል እማማ» ብሎ ከራሱ ኮዳ ውኃ ተጎነጨ። የእናቴ ፊት ሲዘጋ አየሁ። በእኛ አገር እህልህን ያልቀመሰ ሰው አላፊ ነው፤ ለአላፊ ደግሞ የቤት ሕመም አይነገርም። ልክ ነው አልልም፤ ግን እንዲያ ነው።

«የታመመ አለ?»

«ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወዲያው ካሳ ከጎታው ኋላ ኡህ ኡህ ብሎ ሳለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ግልገል ነው» አለች እናቴ።

ባለመነጽሩ ወደ ጋቢው ዞር ሳይል፣ «ፍየል ስንት አላችሁ?» አለ።

«ከብት አይቆጠርም ልጄ፤ የቆጠሩት አይረባም።»

ጻፈ። ምን እንደጻፈ እሱ ይወቅ። የፍየልና የሕፃን ሳል የማይለይ ጆሮ ተሸክሞ ሞትን ያጠናል!

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከእናቴ ተደብቄ ሮጬ ደረስሁባቸው። «ጌታዬ፣ ግልገል አይደለም፤ ወንድሜ ነው። መድኃኒት ይስጡኝ!»

ጓደኛው ሳቀ። «ግልገሉ ወንድሟ ሆነና አረፈው!»

ባለመነጽሩ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ «መድኃኒት የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። የእናንተ ቤት ተጽፎ አልቋል፤ ደህና ናችሁ» አለኝ።

ደህና ናችሁ!

ገብሱ ሳይታጨድ ካሳን ቀበርን። ያኔ ማንም መጥቶ አልጠየቀን። እናቴ እስክትሞት፣ «ቢቀምሱልኝ ኖሮ እነግራቸው ነበር» ትል ነበር። እኔ ግን ነገርኋቸው፤ ምን አደረጉ?

እንግዲህ ዛሬ ረጅሙን፣ «የሞቱትን እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ያልሞተችውን እይልኝ» አልሁት።

«እኛ ሐኪም አይደለንም እኮ እናታችን።»

«መኪና ግን አላችሁ።»

«መኪናው ለሥራ ነው።»

«እኔስ ለሽርሽር ጠየቅሁህ?»

አበባን አዝዬ ወርጄ መኪናቸው ውስጥ ተቀመጥሁ። ውረጂ ቢሉኝ እምቢ አልሁ። በመጨረሻ ረጅሙ እያጉረመረመ መኪናውን ወደ ሰቆጣ አስነሳ።

ይህን የምሞነጫጭረው ሰቆጣ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ቄሱ አጎቴ ያስቆጠሩኝ ፊደል ለዚህ በቃ፤ ወረቀቱም የቆጣሪዎቹ ነው፣ አንድ ቀን ቁም ነገር ይጻፍበት ብዬ ወሰድሁት። ድሬሰሩ አበባን መርፌ ወግቷታል። እጇ አሁንም እንደ እሳት ነው፤ ዓይኗን አልገለጠችም። ፈርቻለሁ።

እናቴ እህሏን አቅርባ ሕመሟን ደበቀች። እኔ ዛሬ ቆሎ እንኳ አላቀረብሁም፤ ሕመሜን ግን ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። ረጅሙ ሰው ወረቀቱን እንደያዘ ደጅ ቆሞ ሙታኔን ይጠብቃል።

ይጠብቅ። አበባ ዓይኗን ሳትገልጥ የማንንም ስም አልጠራለትም።