የሜዳው መድረክና የአባቴ ፉከራ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ መውጫ ያለው ሜዳ ድሮ የከብት ግጦሽ ነበር። የመጀመሪያው ዘፋኝ ሲመጣ መድረክ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን አቁመው ሳንቃ ረበረቡበት። ትንሽ ልጅ ነበርሁ፤ አባቴ ይዘውኝ ሄዱ። ዘፋኙ ቀረርቶ ሲጀምር ከጅጋ በእግራቸው የመጡት ገበሬዎች አላስቻላቸውም። አባቴም ዘለው ከመሃል ገቡና «ዘራፍ!» ብለው ፎከሩ፤ ምንሽር ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አጮኹት። ሴቱ እልል አለ። እኔ ጆሮዬን ይዤ አለቀስሁ፤ ፈሪነቴ የዛሬ አይደለም።

በኋላ የሲሚንቶ መድረክ ተሠራ። ዘፋኝ በመጣ ቁጥር የሰው ዓይን አባቴን ይፈልጋል። እሳቸው ካልፎከሩ ዘፈኑ ጨው የሌለው ወጥ ነው ይሉ ነበር።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ተኩሱ የደስታ መሆኑ ቀረ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ሜዳው ጭር ብሎ ሳሩ መድረኩን ዋጠው። ምንሽሩም ከቤታችን ከወጣ ቆየ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም፤ አለመጠየቅ ይሻላል።

ዘንድሮ ለበዓሉ ዘፋኝ ይመጣል፣ ሳይመሽ ያልቃል ተባለ። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ። እንዳይሄዱ ለመንሁ፣ አመመኝ ብዬም ዋሸሁ፤ ወይ ፍንክች! የፈራሁት ሌላ አይደለም፤ በዚህ ጊዜ የፎከረ ሰው ለማን ፎከረ ይባላል። አንዱ የነዚያ ወገን ነው ይለዋል፣ ሌላው የነዚህ። ከዚያ በኋላ በር የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አመል ያወጣል ከመሃል፤ የአባቴን አመል ደግሞ አገር ያውቀዋል።

ሜዳው መግቢያ ላይ ተፈትሸን ገባን። መውጫው አጠገብ አስቀምጫቸው የጋቢያቸውን ጫፍ እጄ ላይ ጠመጠምሁት። ዘፋኙ የፍቅር ዘፈን ብቻ ሲዘፍን እሰይ አልሁ። ምን ያደርጋል፣ ከኋላ ያሉ ጎረምሶች ቀረርቶ ካልሆነ ብለው ጮኹ፤ ማሲንቆውም ያን ዜማ ጀመረ። ፈታሾቹ ቀና አሉ። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ዞሮ አባቴን አየ።

አባቴ ተነሡ። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጋቢውን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትሁ፤ አባቴን በሰው ፊት እንዲህ ማድረግ ነውር መሆኑም ትዝ አላለኝ። አፋቸውን ዝጊልኝ፣ ብቻ አፋቸውን ዝጊልኝ እያልሁ እመቤቴን ለመንሁ።

የአባቴ ከንፈር ተላቀቀ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ዙሪያቸውን አዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ልቀቂኝ ልጄ» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «አልፎክርም። እኔም ፈርቻለሁ።»

ይችን ቃል ከአባቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ጋቢውን ለቅቄ እጃቸውን ያዝሁ። እስከዚያ ቀን ምን ብፈራ፣ አባቴ አሉ ብዬ በሬን ዘግቼ እተኛ ነበር። አሁን ማን አለኝ ልበል?