የኮች የቅዳሜ ስልክ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳን አልተናገርኩም። እናንተ የምታነቡት ፍረዱብኝ።

አንድ ሽማግሌ ተበቅያለሁ። አውቄ፣ ፈልጌ፣ ደስ እያለኝ ነው የተበቀልኩት።

ሰውየውን ሁሉም ኮች ነበር የሚለው። በወጣትነቱ እዚህ አሜሪካ የሚቀጥረው ቡድን ሲያጣ ካናዳ ሄደና የእነሱን ፉትቦል፣ ያንን በእጅ ይዘው የሚሮጡትን፣ ሲያሠለጥን ኖረ። ዋንጫ በልቷል። በኋላ ሽንፈት ሲበዛበት አባረሩት። ተመልሶ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወንድሜ ናሆም የሚማርበት ሃይስኩል ገባ። ናሆም ሶከር ሲጫወት አይቶ "ይሄ እግር የእኔ ነው" አለና ኪከር አደረገው፤ ኳሷን መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል የሚያሳልፍ ማለት ነው። ናሆም የኮችን ቃል እንደ ወንጌል ነበር የሚሰማው።

በመጨረሻው ጨዋታ እኩል ለእኩል እንደሆኑ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ናሆም መታ። ኳሷ ሩቅ ሄደች፣ ግን ቋሚውን ስታ በጎን ከኋላው መስመር አለፈች። በተጨመረው ሰዓት ተሸነፉ። ኮች ፓርኪንግ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ማሊያዬን አውልቅ! ባሱ ላይም እንዳትወጣ!" አለው። ወንድሜ በዚያ ብርድ በካኔቴራ ቀረ። እኔ ጃኬቴን አለበስኩት እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ናሆም ከዚያ ወዲህ ኳስ አልነካም፤ ትምህርቱንም ተወው። አሁን ትራክ ይነዳል። ቤት ሲመጣ አንገቱን ደፍቶ በልቶ ይወጣል።

ዓመታት አልፈው፣ የምሠራበት የሆም ኬር ኤጀንሲ እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለችው አሌክሳንድሪያ አንድ ሽማግሌ እንድጠብቅ ላከኝ። ከፍቼ ስገባ እሱ ነው፤ ዊልቸር ላይ። አላወቀኝም ብዬ ደስ አለኝ። አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠሁት። በዚህ አልበደልኩትም። እንግሊዝኛ አንቱ ስለሌለው ግን ደስ ይለኝ ነበር።

የበደልኩት በስልኩ ነው። ካናዳ ያሠለጠነው ሬይ የሚባል ተጫዋች ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውልለታል። ኮች ልጅ የለው፣ ሚስቱ ሞታለች፤ ሳምንቱን የሚኖረው ለዚያች ስልክ ነበር። ጠዋት "ፂሜን ላጪኝ፣ ሬይ ይደውላል" ይለኛል።

"ፂም በስልክ ይታያል እንዴ?"

"ሬይ ያውቃል። እኔ ሳልላጭ ልምምድ ገብቼ አላውቅም።"

አንድ ቅዳሜ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ ስልኩ ጠራ። አነሳሁት። "ኮች ካንተ ጋር ማውራት አይፈልግም። ሁለተኛ እንዳትደውል" አልኩ። ሰውን ቀና ብዬ ማየት የማልችለው እኔ! ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም። ሬይ "ምን አደረግኩት?" አለኝ። ናሆምም ማሊያውን ያወለቀ ቀን መኪና ውስጥ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር። ዘጋሁበት። ቁጥሩንም ብሎክ አደረግኩት።

ኮች ግን በየቅዳሜው ተላጭቶ ይጠብቃል፤ ራሱ መደወል ክብሩ አይፈቅድለትም።

"ቻርጅ አለው?"

"አለው ኮች።"

"ደወለ?"

"አልደወለም።"

ፊቱ ጭልም ሲል እያየሁ፣ ሰው ፊት መራቆት ምን እንደሆነ ይቅመሰው እል ነበር። ጠገብኩ። ጠግቤስ ተውኩ? አልተውኩም። ቁጥሩን መክፈት የአንዲት ጣት ሥራ ነበር። እኔ ዘጋሁ፣ እኔ አልከፈትኩም።

አንድ ቅዳሜ ከላጨሁት በኋላ ትንፋሽ አጠረው። አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጣ እጄን ይዞ ተናገረኝ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። የተናገረኝን ለናሆም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ያንን ከነገርኩት ስልኩንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። አፈርኩ ብዬ ወንድሜንም በደልኩት ማለት አይደለም? ይቅር በሉኝ አልልም። የኮች ቃል ይኸው፦

"ጃኬት ያለበስሽው አንቺ ነሽ፤ የመጣሽ ዕለት ነው ያወቅኩሽ። ካናዳ ቢሆን ቋሚውን ስታ ከኋላው መስመር ያለፈች ኳስ አንድ ነጥብ ናት። ወንድምሽ አሸንፎልኝ ነበር። ንገሪው።"