ጥድፌን ያሳሰረው ፉጨት

ጠዋት ጠዋት የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ የበሩን ሰንሰለት ሲፈታ፣ ብረቱ ተንቀጫቅጮ ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰውዬው ምን በደለኝ? ምንም። «እንደምን አደርሽ» ይለኛል፣ እኔ ፊቴን አጨማድጄ አልፈዋለሁ። ያ ድምፅ ሚዛን ተፈሪ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር ታስሮ ሲሽከረከር የከረመውን ውሻችንን ያመጣብኛል። ስንት ዓመት አለፈው፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ጥድፌ የመጣው በክረምት ነበር። አባዬ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ሲሆን፣ ቡና ልማት ላይ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ጋር ተዋውቆ፣ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ውሻውን ለእሱ ሰጥቶት ሄደ። ጥቁርና ነጭ፣ ጸጉሩ ረጅም፣ በጌታው አገር በግ ሲነዳ የሚውል ዘር ነው ተባለ። የፈረንጅ ስሙ ለማንም አልያዝ ብሎ ሳለ፣ እማዬ ሲሮጥ ውሎ ሲሮጥ ሲያመሽ አይታ «ኧረ ይኼ ምን ዓይነት ጥድፊያ ነው!» ስትል ስሙ በዚያው ጥድፌ ሆኖ ቀረ። መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ዶሮዎቹን ዞሮ ዞሮ አንዲት ላባ ሳይነካ አጥሩ ጥግ ይሰበስባቸዋል፣ እኔንና ወንድሜን ትምህርት ቤት ስንሄድ ተረከዛችንን በአፍንጫው እየገፋ አንድ ላይ ያስኬደን ነበር። ጠዋት ካልሮጠ የእማዬን ነጠላ ጫማ አኝኮ ይጨርሳል። ስለዚህ በየማለዳው ያንን የሚዛንን ጭቃ እያቦካሁ ወንዝ ድረስ አሯሩጬው፣ መዥገሩን ለቅሜ፣ ጸጉሩን አጥቤ፣ ፍትፍቱን አብልቼው ነበር ደብተሬን የማነሣው።

ፈረንጁ የሚያዘው በፉጨት ነበር፤ አንዴ ረዘም አድርጎ ሲያፏጭ ውሻው ሄዶ በጎቹን ይሰበስባል፣ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር ሲያደርግ ባለበት ይተኛል። ውሻውን ሊያስረክበን የመጣ ዕለት ይህን አይቼ ወንዝ ዳር ሁለት ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከትቼ ስለማመድ ከረምኩና አወቅሁበት። ግን ሴት ልጅ አታፏጭም! ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ቢውል ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ እኔ ከንፈሬን ካሞጠሞጥኩ አባዬ «ሰይጣን ልትጠሪብን ነው?» ብሎ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። አሁን ሳስበው እርር ድብን እላለሁ።

ኅዳር ገባ፣ የቡና ለቀማው ደረሰ። ጎረቤታችን ጋሽ ጳውሎስ፣ የቤንች ተወላጅ፣ ዝምተኛ ገበሬ፣ ሚስቱና ልጆቹ ከጫካ የለቀሙትን ቀይ እሸት ቡና ደጁ ላይ ሰሌን ዘርግቶ አስጥቶት ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለጓደኛዬ «ይኼ ውሻ እኔ ያልኩትን ይሰማል» አልኳት። «ሂጂ፣ ጉረኛ!» አለችኝ። ተናደድኩና አንዴ ረዘም አድርጌ አፏጨሁ። ጥድፌ አጥሩን ዘሎ፣ ሜዳው ላይ የሚግጡትን የጋሽ ጳውሎስን በጎች ሰብስቦ፣ በቀጥታ ወደ እኔ ነዳቸው፤ መሀል ላይ ደግሞ ያ ቡና ነበር። ደንግጬ ሁለቱን አጭር ፉጨት ረሳኋቸው። በጎቹ ቡናውን ረግጠው፣ ጭቃ ውስጥ ዘርተው፣ እግሬ ሥር መጥተው ቆሙ፤ ጥድፌ የሚያስመሰግን ሥራ እንደሠራ ጅራቱን እየቆላ አየኝ።

ሳይመሽ ጋሽ ጳውሎስ መጣ። አልጮኸም፣ ካሳም አልጠየቀም።

«መምህር፣ ውሻው ጥፋት የለበትም። ሰው ነው ያዘዘው፤ ፉጨት ሰምቻለሁ» አለ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ አይደለሁም!»

«የእኔ ልጅ አታፏጭም» አለ አባዬ፣ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ሰንሰለት ገዝቶ መጥቶ ጥድፌን አቮካዶው ላይ አሰረው። «ቀን የታሰረ ውሻ ሌሊት ኃይለኛ ይሆናል» እያለ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ሰው፣ ውሻን ሁሉ ዘበኛ የሚያደርገው ሰንሰለት እየመሰለው። ይኼ ውሻ ግን ለመሮጥ የተፈጠረ ነው ብሎ የሚነግረው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ።

በጋውን በሙሉ ጥድፌ ዛፉን ሲዞር ኖረ። ሣሩ አለቀ፣ አፈሩ ተቦረቦረ፣ አንገቱ ተልጦ ቆሰለ፤ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ሳጥብለት ቆሞ አያሳጥበኝም፣ አብሬው እየዞርኩ ነበር የማጥበው። ጥር ላይ ጋሽ ጳውሎስ ተመልሶ መጣ፤ ቡናው የተበላሸበት ሰው፣ እስቲ አስቡት!

«መምህር፣ ይስጡኝ። ላም አለኝ፣ በግ አለኝ። ይኼ ውሻ ሥራ ካጣ ያብዳል።»

«የፈረንጅ ውሻ በግ ጠባቂ ላድርገው? አይሆንም!» አለ አባዬ። ውኃ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር፤ ያኔም ትንፍሽ አላልኩም። ማታ ለእማዬ ያፏጨሁት እኔ ነኝ ብዬ ሹክ ስላት «ተይ፣ አባትሽን አታስቆጪው» አለችኝ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲመለስ ሌባ ገብቶ የአባዬን ብስክሌት ወሰደ፤ ጥድፌ አልጮኸም፣ ይዞር ነበር። አባዬ በንዴት ጋሽ ጳውሎስን ጠርቶ «ውሰደው ይኼን የማይረባ!» አለው። ተከትለናቸው ወደ ሜዳው ሄድን። ጋሽ ጳውሎስ ሰንሰለቱን አወለቀለት፣ በጎቹ ፊት ለፊቱ ይግጣሉ። ጥድፌ ቆመ፣ አየሩን አሸተተ፣ ከዚያም ዛፍ በሌለበት ሜዳ መሀል የሰንሰለቱን ርዝመት ያህል እየለካ መዞር ጀመረ።

አባዬ አጠገቤ ቆሞ እያለ ሁለት ጣቶቼን አፌ ውስጥ ከትቼ ባለ በሌለ ትንፋሼ አፏጨሁ። ጆሮዎቹ ቆሙ፣ ዞሮ አየኝ፤ አዎ፣ አየኝ! ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ዙሩ ተመለሰ። ክረምቱ ሳይወጣ እዚያው ሜዳ ላይ ሞተ።

ሜዳው ላይ ገና ፉጨቴ ሳያባራ «አንቺ ነበርሽ እንዴ?» ብሎኝ ነበር አባዬ።

ጋሽ ጳውሎስ ሰንሰለቱን እጁ ላይ እየጠቀለለ «እኔስ ያን ቀንም አውቄያለሁ» አለ።

አባዬ አርጅቶ ዛሬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ታፏጫለች፤ እሱ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ሴት ልጅ…» ብሎ ይጀምርና ዓይኔን ሲያይ ይተወዋል። ወንዝ ዳር ጣቶቼ አፌ ውስጥ የነበሩበትን ዕድሜ ስታልፍ አያለሁ፤ እሷን የሚያስፈራት የለም፣ እኔን ያስፈራኝ የነበረው ደግሞ አንድ ቁንጥጫ ነው። ቁንጥጫ እኮ ነው። ሕመሙ እስከ ማግስቱ ይለቀኝ ነበር።