ቤት የጫነ መኪና ስንት ንፋስ ይበላል?

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ሸዋ ሮቢት ልንገባ ጥቂት ሲቀረን... ከእግራችን ሥር የሆነ ነገር «ዷ!» አለ። ሽፍታ መስሎኝ አልጋው ሥር ገባሁ።

አዎ፣ አልጋ። አጎቴ ጋሼ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አሮጌው መኪናቸው ላይ በጣውላና በቆርቆሮ ቤት ሠሩበት። የጋዝ ምድጃ አለው፣ የውሃ በርሜል አለው፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ መጋረጃ ሰቅለውበታል። በዚህ ቤት ሆነን ነው ወደ ማጀቴ፣ ወደ ልጃቸው ሰርግ የምንሄደው።

የፈነዳው የኋላ ጎማ ነው። ስኮርታውን፣ ያንኑ አንድ ትርፍ ጎማ፣ አስገባን። ሌላ የለም። ሰርጉ ነገ ነው። አሁን ሌላ ጎማ ቢፈነዳ የሙሽራዋ አባትና እናት ሜዳ ላይ መቅረታቸው ነው።

ሮቢት ገብተን ጎሚስታው ሰይድ ዘንድ ቆምን። ጎማዎቹን ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ጭነዋል?»

«እኔ ምን አውቄ! ቤት እኮ ነው፣ ጤፍ አይደል!»

«እንግዲያ ስንት ንፋስ ልስጠው? ጭነቱ ከብዶ ንፋሱ ካነሰ ይግላል፣ ይፈነዳል። ጭነቱ ቀሎ ንፋሱ ከበዛ ደግሞ ይነጥርብዎታል።»

እኔም አዋቂ ሆኜ፣ «በሙቀቱ አብጦ የለም እንዴ? ትንሽ አታስተነፍሰውም?» አልኩት።

«የጋለ ጎማ አይነካም፣ እህቴ። አሁን ቢያስተነፍሱት ሲቀዘቅዝ ልምሾ ይሆናል።»

ያበጠውን ተዉት፣ ሲቀዘቅዝ ጨምሩበት... ይኼ ነገር እስካሁን አልገባኝም።

መኪናውን ሾላ ጥላ ሥር አቁመን፣ ክብደቱ እንዲታወቅ የቤቱን ዕቃ እንዳለ አውጥተን ከጎረቤቱ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አወጣነው። አልጋው፣ በርሜሉ፣ የድግሱ በርበሬ... ተራው የሰው ሲሆን እትዬ ዘነበች እምቢ አሉ።

«እኔ በርበሬ ነኝ? ጃንሆይ ይሙቱ አልመዘንም!»

ሰይድ በዓይኑ ገመታቸው። ስንት እንደገመተ አልተናገረም። ደግ አደረገ።

ጎማው እስኪቀዘቅዝ ታዲያ «ማጀቴ የሚሄድ መኪና መጣ» የሚለው ወሬ ሮቢትን አዳረሰ። አንዷ «ለእህቴ አደራ» ብላ አንድ ከረጢት ጥጥ አስገባች። ሌላው ፓፓያ። ሰይድ ደመረ። «ለሰርግማ ባዶ እጅ አይላክም» ተብሎ ሙክት ገባ። እንደገና ደመረ። ቀና ሲል ሁለት ሽማግሌዎች አልጋው ላይ ተደላድለዋል።

«ውረዱ እንጂ አባቶቼ! ሰው አይከብድም ያላችሁ ማነው? ወላሂ፣ ከእንግዲህ አንዲት ሎሚ ብትጨመር እኔ የለሁበትም!»

ሽማግሌዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱ። ሙክቱ ቀረ። ሰይድ ንፋሱን ሞላ፣ ለካ፣ ጎማውን በመዶሻ ኳ ኳ አደረገና «አሁን ልክ ነው» አለ። ጋሼ ሞተር አስነሡ።

ያኔ ሰይድ የሱቁን በር ቆለፈ። ከበሩ ሥር ታስሮ የተቀመጠ ጆንያ ተሸከመ። ቤቱን የምታህል ሚስቱን አስከትሎ ወደ እኛ መጣ።

«ማጀቴ አማቶቼ አሉ» አለ፣ ዓይናችንን ሳያይ።

«አንተ!» አሉ ጋሼ። «አሁን ልክ ነው አላልክም? አንተን የት ልናደርግህ ነው?»

«አይስጉ ጋሼ... እኛን መጀመሪያውኑ ደምሬናል።»

ማጀቴ በሰላም ገባን፣ ጎማውም ንቅንቅ አላለም። እኔን ግን አንድ ነገር ግራ እንዳጋባኝ አለ፤ ሰውዬው ገና ስንደርስ ጎማውን ሲዳብስ፣ ንፋሱን ነበር የሚለካው ወይስ ቦታውን?